በእጅ ላይ የሚወጣ ክፉ ዕጢና የመጀመሪያው ምላጭ



የባሌ ደጋ ሰው እጁን ለሐኪም የሚያሳየው እጁ ሥራ ሲከለክለው ነው። በሲናና፣ በአጋርፋም ሆነ በዲንሾ ገበሬው በአንድ እጁ እርፍ፣ በሌላው ጅራፍ ይዞ ይውላል። ኮምባይነር በማይወጣው ዳገት ላይ ስንዴውንና ገብሱን በማጭድ ያጭዳል። ሴቲቱም ላም ታልባለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ ትፈትላለች፣ ትጋግራለች። እንዲህ ሲሠራ በሚውል እጅ ላይ አተር የምታህል፣ የማታም፣ የማትቆጠቁጥ ጠጣር እባጭ ስትወጣ ማን ከቁም ነገር ይቆጥራታል? «እሾህ ወግቶኝ ነበር» ይባላል፤ «ማጭድ ነክቶኝ ነበር» ይባላል፤ መከሩ እስኪገባም ትቆያለች። ከመከሩም በኋላ ወጌሻ ያሻታል፣ ወይም በጋለ ብረት ትተኮሳለች። ሐኪም ዘንድ ስትደርስ አንድ ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ አልፏታል።

ለዚህ ንግግር የተመረጠው ጉዳይ ከእነዚህ እባጮች መካከል እጅግ ጥቂት የሆኑት፣ ይኸውም ከለስላሳው ኅብረ ሕዋስ የሚነሡት ክፉ ዕጢዎች ናቸው። ለስላሳ ኅብረ ሕዋስ ሲባል ስቡ፣ ጡንቻው፣ ጅማቱ፣ የጅማቱ ሽፋን፣ ነርቩና የደም ሥሩ ማለት ነው። ከእነዚህ የሚነሣው ክፉ ዕጢ ሳርኮማ ይባላል። በአዋቂ ሰዎች ላይ ከሚታየው ካንሰር ሁሉ የለስላሳ ኅብረ ሕዋስ ሳርኮማ ከመቶ አንድ ገደማ ብቻ ነው፤ ከዚያም ውስጥ በእጅ ላይ የሚወጣው ትንሹ ክፍል ነው። ጉዳት የማያደርሱት ዕጢዎች ክፉዎቹን በቁጥር መቶ እጥፍ ያህል እንደሚበልጡ ይገመታል። ስለዚህ በጎባ ወይም በሮቤ የሚሠራ አንድ ጠቅላላ ሐኪም ይህን በሽታ በአገልግሎት ዘመኑ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ብቻ ቢያይ፣ ጭራሽም ባያይ አያስገርምም። ችግሩም የሚመነጨው ከዚሁ ነው። ዘጠና ዘጠኙን እባጭ ያለ ሥጋት ቆርጦ ያወጣ እጅ መቶኛውንም በዚያው ልማድ ይቆርጠዋል።

በሕክምና ትምህርት ቤት የሚሰጥ አንድ የታወቀ መመሪያ አለ። ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ የሆነ፣ ከሥጋው መጋረጃ በታች የተቀመጠ፣ እያደገ የሚሄድ እባጭ ሳርኮማ ነው ተብሎ ይጠርጠር ይላል። ለጭንና ለትከሻ መልካም መመሪያ ነው፤ ለእጅ ግን አይሠራም። ጣት ላይ 5 ሳንቲ ሜትር የሚሆን እባጭ ጣቱን በሙሉ የዋጠ ነው። በእጅ ላይ የሚወጣው ሳርኮማ ሰው በቶሎ ስለሚያየው ብዙ ጊዜ የሚገኘው ገና 1 ወይም 2 ሳንቲ ሜትር ሳለ ነው። ትንሽነቱ ግን ለዋህነቱ ዋስትና አይሆንም። ሁለት ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ሲኖቪያል ሳርኮማ ከዓመታት በኋላ ሳንባ ላይ ሊገኝ ይችላል።

በእጅ ላይ ደጋግመው ከሚገኙት መካከል ልዩ ትኩረት የሚገባው ኤፒተሎይድ ሳርኮማ ነው። ይህን በሽታ በስሙ ለይቶ የገለጸው በዋሽንግተን በጦር ኃይሎች የፓቶሎጂ ተቋም ይሠራ የነበረው ፍራንዝ ኤንዚንገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ስለ 62 ሕመምተኞች ባወጣው ጽሑፍ ርእስ ላይ በሽታውን «ግራኑሎማን ወይም ካርሲኖማን የሚመስል ሳርኮማ» ሲል ጠርቶታል። ይህ ርእስ ከተጻፈ ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ቢሆነውም ለኢትዮጵያ ሐኪም ግን ዛሬም የማስጠንቀቂያ ደወል ነው። በሽታው በብዛት የሚይዘው ወጣቶችን፣ በተለይም ወንዶችን ነው። በጣት ወይም በመዳፍ ላይ ጠጣር፣ የማያም፣ ቀስ ብሎ የሚያድግ እባጭ ሆኖ ይጀምራል። ከጊዜ በኋላ ቆዳውን ቀድዶ የማይድን ቁስል ይሆናል። በጅማቱና በሥጋው መጋረጃ ላይ እየተሳበ ወደ ክንድ ይወጣል፤ እንደ ብዙዎቹ ሳርኮማዎች በደም ብቻ ሳይወሰን በክርንና በብብት ንፍፊት ይፈጥራል።

እዚህ ላይ የቋንቋችን ጉዳይ ይነሣል። አማርኛ «ነቀርሳ» የሚለውን ቃል ለሁለት በሽታዎች ሰጥቶታል፤ ለቲቢ የሳንባ ነቀርሳ ይላል፣ ካንሰርንም ነቀርሳ ይላል። በዕለት ንግግር ይህ ግርታ ብዙ አይጎዳም ይባል ይሆናል። በኤፒተሎይድ ሳርኮማ ላይ ግን ቃሉ ያደበላለቀውን ማይክሮስኮፑም ያደበላልቀዋል። ዕጢው በማይክሮስኮፕ ሲታይ መሐሉ የሞተ፣ ዙሪያውን ኤፒተሎይድ ሕዋሳት የከበቡት ክብ ቅርጽ አለው። ቲቢም የሚሠራው ግራኑሎማ ይህንኑ ይመስላል። ቲቢ በሞላበት አገር አንድ ፓቶሎጂስት፣ ያውም በትንሽ ናሙናና ያለ በቂ የሕመም ታሪክ፣ «መሐሉ የሞተ ግራኑሎማ፤ ቲቢ ሊሆን ይችላል» ብሎ ቢጽፍ የሚወቀስ አይደለም። ወረቀቱ ሲመለስ የ6 ወር የቲቢ መድኃኒት ይጀመራል። ስድስቱ ወር ሲያልቅ እባጩ ሁለት ሆኗል፤ ንፍፊትም ወጥቷል።

ስለዚህ ቲቢ የሚለው ውጤት ሲመጣ ሦስት ነገር መጠየቅ ይገባል። ባሲለስ በቀለም ታይቷልን? ከዚያው ሥጋ የተወሰደ ናሙና በጂን ኤክስፐርት ተመርምሯልን? ሕመምተኛው ሌላ የቲቢ ምልክት አለውን? ሦስቱም መልስ «የለም» ከሆነ ሕክምናውን መጀመር ባይከለከልም፣ ሕመምተኛው በሁለተኛው ወር ተመልሶ እባጩ በሴንቲ ሜትር ሊለካ ይገባዋል። ያልቀነሰ እባጭ ሁለተኛ ናሙና ይወሰድበታል። ዛሬ ለፓቶሎጂስቱ ትልቅ እርዳታ የሚሰጥ ምርመራ አለ፤ ይኸውም አይ.ኤን.አይ.-1 የሚባለው ፕሮቲን በሕዋሱ ውስጥ መኖር አለመኖሩን የሚያሳየው የኢሚዩን ቀለም ነው። ከመቶ ዘጠና በሚበልጡት ኤፒተሎይድ ሳርኮማዎች ይህ ፕሮቲን ጠፍቶ ይገኛል፤ በቲቢ ግራኑሎማ ውስጥ ግን አይጠፋም። ቀለሙ በየቦታው አይገኝም። ቢሆንም ጥያቄው በወረቀቱ ላይ «ኤፒተሎይድ ሳርኮማ ይጠረጠራል» ተብሎ ካልተጻፈ፣ ቀለሙ ባለበትም ቦታ ማንም አያዝዘውም።

ሌሎቹ ዓይነቶች በአጭሩ ቢጠቀሱ ይበቃል። ሲኖቪያል ሳርኮማ በስሙ ምክንያት ከመገጣጠሚያ ሽፋን የሚነሣ ይመስላል፤ ነገር ግን አይደለም። ከብዙዎቹ ሳርኮማዎች በተለየ ሊያም ይችላል፤ ከሦስት አንድ ያህሉ በራጅ ላይ የካልሲየም ነጠብጣብ ያሳያል። ክሊር ሴል ሳርኮማ፣ እርሱንም በ1965 እ.ኤ.አ. የገለጸው ያው ኤንዚንገር ነው፣ ከጅማት ጋር ተጣብቆ የሚያድግና በቀለም ሜላኖማን የሚመስል ነው። በልጆችና በወጣቶች መዳፍ ላይ በፍጥነት የሚያብጥ ሥጋ ሲታይ ደግሞ ራብዶማዮሳርኮማን ማሰብ ይገባል።

በደጋው አገር እነዚህን የሚመስሉ፣ ግን ያልሆኑ በሽታዎች ብዙ ናቸው። ሐኪሙም በቅድሚያ ማወቅ ያለበት እነርሱን ነው። በግ የሚጠብቅ ልጅ በጣቱ ላይ ቀይ ዙሪያ ያለው፣ መሐሉ የሚያዥ እባጭ ቢያወጣ፣ በጎቹም አፋቸው ቆስሎ ከነበረ፣ ኦርፍ የሚባለው የቫይረስ በሽታ ነው፤ ያለ መድኃኒት በስድስት ሳምንት ገደማ ይጠፋል። በኢትዮጵያ ደጋ ሊሽማንያ ኢትዮፒካ የሚያመጣው ቁንጭርም አለ። ይህ ከሽኮኮ በአሸዋ ዝንብ አማካይነት ወደ ሰው የሚተላለፍ ሲሆን፣ ፊት ላይ ቢበዛም እጅን አይምርም፤ ከቁስሉ ጠርዝ ተፍቆ በጊምሳ ቀለም ሲታይ ይታወቃል። በአንጓ ላይ የሚወጣ ለስላሳ የውሃ እባጭ ጨለማ ክፍል ውስጥ የእጅ ባትሪ ቢበራበት ብርሃን ያሳልፋል፤ ሳርኮማ አያሳልፍም። ይህች የባትሪ ምርመራ ምንም ወጪ የላትም፤ አልትራሳውንድ በሌለበት ጤና ጣቢያ እንኳ ትሠራለች። ከጅማት ሽፋን የሚነሣው ጃያንት ሴል ዕጢ ግን በእጅ ሲዳሰስ ከሳርኮማ አይለይም፤ የሚለየው በናሙና ነው። እንዲሁም መግል ፍለጋ የተቀደደ እብጠት መግል ሳይሆን ሥጋ ከሰጠ፣ ያ ሥጋ ወደ ቆሻሻ ባልዲ ሳይሆን ወደ ፎርማሊን ጠርሙስ መግባት አለበት።

ስለ ካፖዚ ሳርኮማም አንድ ነገር መነገር አለበት። ሞሪትስ ካፖዚ እ.ኤ.አ. በ1872 የገለጸው ይህ በሽታ በእጅና በእግር ላይ ጠቆር ያለ፣ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ እባጭ ሆኖ ይታያል፤ በጥቁር ቆዳ ላይ ቀለሙ በቀላሉ አይለይም። በ1994 እ.ኤ.አ. እንደታወቀው ከሄርፐስ ቫይረስ ወገን የሆነ ቫይረስ ከበስተጀርባው አለ። የሰውነት መከላከያ ሲዳከም ይበረታል። በኢትዮጵያ የፀረ ኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነፃ መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ሕክምናው በዋነኛነት በዚሁ መድኃኒትና እንደ አስፈላጊነቱ በኬሞቴራፒ ነው። ከናሙና በቀር ምላጭ አያስፈልገውም። ስለዚህ በእጅ ላይ ጠቆር ያሉ ብዙ እባጮች ያሉት ሰው፣ ምንም ዓይነት ቀዶ ሕክምና ሳይታሰብ፣ ፈቃዱ ተጠይቆ የኤች.አይ.ቪ. ምርመራ ይደረግለት።

ወደ ዋናው ጉዳይ ሲመጣ፣ የዚህ በሽታ ዕጣ ብዙ ጊዜ የሚወሰነው በመጀመሪያው ምላጭ ነው። ይህን በቁጥር ያስረዱት አሜሪካዊው የአጥንት ሐኪም ሄንሪ ማንኪንና ባልደረቦቻቸው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1982 የ329 ሕመምተኞችን ናሙና አወሳሰድ መርምረው ከመቶ 18 በሚሆኑት ላይ ከባድ የምርመራ ስሕተት አገኙ። በ1996 ደግሞ 597 ሕመምተኞችን ይዘው ጥናቱን ሲደግሙት ቁጥሩ ከሞላ ጎደል እንደነበረ ነበር፤ 18 ሰዎችም በናሙናው ችግር ምክንያት ያለ አስፈላጊነት አካላቸውን አጥተዋል። ስሕተቱ በይበልጥ የደረሰው ናሙናው ልዩ ሕክምናውን ከሚሰጠው ሆስፒታል ውጭ በተወሰደ ጊዜ ነው። ከዚህ ጥናት የተወሰደው ትምህርት «ናሙና አትውሰዱ፤ ላኩ» የሚል ነው። በባሌ ግን ይህን ቃል በቃል መፈጸም አይቻልም። ከዶሎ መና የሚመጣ ሕመምተኛ ጎባ ለመድረስ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን የሰነቴን አምባ ያቋርጣል፤ ከጎባ አዲስ አበባ ደግሞ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እባጭ ያለበትን ሰው ሁሉ ያለ ናሙና ወደ አዲስ አበባ መላክ ማለት መቶ ሰው ለአንድ ሰው ሲባል እህሉን ሸጦ ይጓዝ ማለት ነው። ከመቶዎቹም ብዙዎቹ መንገዱን አይጀምሩትም። ስለዚህ ከመደ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ጋር የተያያዘው የጎባ ሪፈራል ሆስፒታልም ሆነ በዙሪያው ያሉት ሆስፒታሎች ናሙናውን መውሰዳቸው የማይቀር ነው። የሚቀረው ጥያቄ እንዴት ይወሰድ የሚለው ብቻ ነው።

ከምላጩ በፊት የሚሠራ ሥራ አለ። እባጩ በሴንቲ ሜትር ይለካል፤ ቦታው በወረቀት ላይ በተሣለ የእጅ ሥዕል ላይ ይመለከታል። ክርንና ብብት ይዳሰሳሉ፤ የእጁና የደረቱ ራጅ ይነሣል። ኤም.አር.አይ. የሚቻል ከሆነ ከናሙናው በፊት መሆኑ ይመረጣል፤ ቢላዋ የነካው ሥጋ በምስል ላይ ዕጢ ይመስላልና።

ቅዱ ምንጊዜም ቀጥ ያለ፣ የእጁን ርዝመት የተከተለ ይሁን። ብዙዎች ለመልኩ ሲሉ የቆዳውን መስመር ተከትለው አግድም ይቀዳሉ። የእጅ ቀዶ ሐኪሞችም በሌላ ጊዜ የሚመርጡት የዚግዛግ ቅድ አለ። ሁለቱም በዚህ ቦታ ጉዳት አላቸው። ዕጢው ሳርኮማ ሆኖ ቢገኝ፣ ኋላ የሚመጣው ቀዶ ሐኪም የናሙናውን ቅድ በሙሉ፣ ጠባሳውን ጨምሮ፣ ከዕጢው ጋር አንድ ላይ ቆርጦ ማውጣት አለበት። ቀጥ ያለ ቅድ ከጣቱ ጋር ይወጣል፤ አግድም የሆነ ቅድ ግን ሁለተኛውን ጣት ጎትቶ ይወስዳል። የአንድ ጣት በሽታ የሁለት ጣት የሚሆነው በዚህ መንገድ ነው።

ደም ለመግታት ቱርኒኬ ማሰር ይቻላል። ነገር ግን ደሙን ለመጭመቅ የላስቲክ ፋሻ ከጣት ጫፍ ጀምሮ ወደ ላይ አይጠቅለል፤ ዕጢውን ወደ ደም ሥር መግፋት ይሆናልና። ክንዱ ጥቂት ደቂቃ ወደ ላይ ተነሥቶ ይቆይ፤ ከዚያ ይታሰር። ከመሰፋቱ በፊት ቱርኒኬው ተፈትቶ ደሙ በሚገባ ይቁም፤ በመዳፍ ውስጥ የሚጠራቀም ደም ሁሉ የዕጢውን ሕዋስ ይዞ ይሰራጫልና። የፈሳሽ ማስወጫ ቱቦ የግድ ካስፈለገ ከቅዱ ጫፍ አጠገብ፣ በዚያው መስመር ላይ ይውጣ። ጅማትና ነርቭ አይገለጡ፤ ሌላ ክፍል አይከፈት። ከጣት ጫፍ ያለች፣ ሁለት ሳንቲ ሜትር የማትሞላ እባጭ ብቻ በዙሪያዋ ካለ ጤነኛ ሥጋ ጋር በአንድ ጊዜ ልትወጣ ትችላለች፤ ከዚያ የምትበልጥ ከሆነ ትንሽ ቁራጭ ብቻ ይወሰድ። በመርፌ የሚቀዳ ሕዋስ ንፍፊትን ለመመርመር ይጠቅማል፤ የሳርኮማን ዓይነት ለይቶ ለመናገር ግን ብዙ ጊዜ አይበቃም።

ሥጋው ከእጅ ከወጣ በኋላ የሚደርስበትም ችላ አይባል። የገበያው ፎርማሊን አንድ እጅ ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ተቀላቅሎ፣ መጠኑ ከናሙናው ቢያንስ አሥር እጥፍ ሆኖ ይፈሰስበታል። ጠባብ አፍ ያለው የመድኃኒት ብልቃጥ አይሁን፤ ሥጋው ሲገባ ለስላሳ ነው፣ ሲወጣ ግን ደርቆ አይወጣም። አቅጣጫውን የሚያመለክት ክር ይታሰርበት፤ አጭሩ ክር ወደ ላይ፣ ረጅሙ ወደ ውጭ ማለት ሊሆን ይችላል፤ ብቻ ይህ በወረቀቱ ላይ ይጻፍ። በቅጹ ላይም ዕድሜ፣ የሥራ ዓይነት፣ እባጩ ከመቼ ጀምሮ እንዳለ፣ ከቆዳ በታች ወይስ ከጅማት ጋር እንደሆነ፣ ራጁ ምን እንዳሳየ ይመልከት። እግረ መንገድ አንዲት ትንሽ ማስታወሻ፦ በኢትዮጵያ ሮቤ የሚባል ከተማ ሁለት ነው፤ አንዱ በአርሲ፣ ሌላው በባሌ። በናሙናው ላይ «ሮቤ» ብቻ ከሚጻፍ «ባሌ ሮቤ» ቢጻፍ ውጤቱ የት እንደሚመለስ አያጠራጥርም።

ውጤቱ ሳርኮማ ከሆነ ሕክምናው የቀዶ ሐኪሙ፣ የጨረርና የመድኃኒት ሐኪሙ የጋራ ሥራ ነው፤ ስለዚህ ሕመምተኛው ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ወይም የካንሰር ክፍል ወዳለው ሌላ ትልቅ ሆስፒታል ይላካል። በጥቁር አንበሳ የጨረር ሕክምና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997 በኮባልት መሣሪያ ነው። ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው ማዕከል ሆኖ ሲያገለግል ከቆየ በኋላ እንደ ጅማ ባሉ ከተሞችም የጨረር ማዕከል ተከፍቷል።

ድሮ የተለመደው እጁን ከአንጓ ወይም ከክርን በታች መቁረጥ ነበር። ይህ ልማድ እንዲቀር ካደረጉት ሥራዎች አንዱ ስቲቨን ሮዘንበርግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1982 በአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ያወጡት ጥናት ነው። የክንድና የእግር ሳርኮማ ካለባቸው 43 ሰዎች በዕጣ 27ቱ አካላቸው ተርፎ ዕጢው ብቻ ተቆርጦ ጨረር ሲሰጣቸው፣ 16ቱ አካላቸው ተቆረጠ። አካላቸው ከተረፈላቸው መካከል በ4ቱ ዕጢው በቦታው ተመልሷል፤ ከተቆረጡት መካከል በማንም ላይ አልተመለሰም። በሕይወት የመቆየቱ ነገር ግን በሁለቱ ወገን ልዩነት አልታየበትም። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ስለ እጅም ብቻ የተደረገ አይደለም። ነገር ግን «እጁ ካልተቆረጠ ይሞታል» የሚለውን አባባል መሠረት አሳጥቶታል።

እንግዲህ በሲናና ያለ አንድ ወጣት ገበሬ ይታሰብ፤ በቀኝ እጁ የቀለበት ጣት ሥር ኤፒተሎይድ ሳርኮማ ተገኝቷል፤ ንፍፊት የለም፤ ሳንባውም ንጹሕ ነው። ለእርሱ የሚስማማው ብዙ ጊዜ ጣቱን ከመዳፉ አጥንት ጋር አንድ ላይ ማውጣት ነው። መዳፉ ይጠብባል፤ የጭብጡ ኃይል በተወሰነ ደረጃ ይቀንሳል፤ እጁ ግን እጅ እንደሆነ ይቀራል። ሦስት ጣትና አውራ ጣት ያለው እጅ እርፍ ይይዛል፤ ማጭድ ይጨብጣል፤ በቀኝ እጅ መብላት ክብርም ሥርዓትም በሆነበት አገር ከማዕድ አይለየውም። ጣቱን ለማትረፍ ሲባል ጠበብ አድርጎ መቁረጥ የሚመስለውን ያህል ርኅራኄ አይደለም፤ ዕጢው ተመልሶ ሲመጣ መዳፉን ይጠይቃል። አውራ ጣት ሲሆን ግን ስሌቱ ይለወጣል። ያለ አውራ ጣት ሌሎቹ አራቱ ሲይዙ ይቸገራሉ፤ ስለዚህ በተቻለ መጠን ዕጢው በበቂ ጤነኛ ሥጋ ተከቦ ወጥቶ ቆዳና ሥጋ ከሌላ ቦታ ይዛወርለታል። ዕጢው መዳፉን አልፎ አንጓው ውስጥ ከገባ ደግሞ ከአንጓ በላይ መቁረጥ ዛሬም አማራጭ የማይገኝለት ጊዜ አለ። ይህንንም መደበቅ አይገባም።

ጨረር የሚሰጠው ከቀዶው በፊት ወይም በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ የካናዳ ጥናት እንዳሳየው፣ በፊት የተሰጣቸው በ50 ግሬይ ሲታከሙ፣ በኋላ የተሰጣቸው 66 ግሬይ ተቀብለዋል። የቁስል ችግር በፊተኞቹ ከመቶ 35፣ በኋለኞቹ ከመቶ 17 ላይ ደርሷል። ለእጅ ይህ ምርጫ ቀላል አይደለም፤ ከፍ ያለ ጨረር የተቀበለ መዳፍ ይደርቃል፣ ጣቶቹም ይገትራሉ። ሕመምተኛው ከተማ ውስጥ ዘመድ ከሌለው ለአምስት ወይም ለስድስት ሳምንት የት ያድራል የሚለው ጥያቄም ከግሬዩ ቁጥር ያላነሰ ውሳኔ ይሰጣል። ጣቱ በሰፊው ከወጣና ጠርዙ ንጹሕ ከሆነ ጨረሩ አንዳንዴ ሊቀር ይችላል፤ ለገጠር ሰው ይህ ጥቅም በሚዛኑ ላይ ሊቀመጥለት ይገባል።

ከመድኃኒቶቹ ዶክሶሩቢሲንና አይፎስፋማይድ ለተስፋፋ በሽታ ያገለግላሉ፤ ራብዶማዮሳርኮማ ያለበት ልጅ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ኬሞቴራፒ ያስፈልገዋል። ታዜሜቶስታት ለኤፒተሎይድ ሳርኮማ ሕክምና እ.ኤ.አ. በጥር 2020 በአሜሪካ ተፈቅዶ ነበር፤ ለባሌ ገበሬ ግን ተስፋው አሁንም ያለው በጊዜ በተደረገ ቀዶ ላይ ነው።

ለሕመምተኛው መንገሩ ከቀዶው የማይተናነስ ሥራ ነው። በባሌ አብዛኛው ሕመምተኛ የሚናገረው ኦሮምኛ ነው፤ ስለ ጣት መቆረጥ የሚደረገው ውይይት በአልጋ ዳር በተገኘ ሰው አስተርጓሚነት ሳይሆን ቋንቋውን በሚያውቅ የጤና ባለሙያ ይሁን። ሕመምተኛው ብቻውን አይወስንም፤ አባቱ፣ ታላቅ ወንድሙ ወይም ሽማግሌ ይጠራሉ። እነርሱ ሳይሰሙ የተፈረመ ወረቀት በማግስቱ ሕመምተኛው ከአልጋው ጠፍቶ ሊገኝበት ይችላል። ከዚህም ጋር ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ አንድ ነገር አለ። ሙስሊሙም ሆነ ክርስቲያኑ ቤተሰብ የተቆረጠውን የአካል ክፍል ወስዶ መቅበር ሊፈልግ ይችላል፤ ፓቶሎጂስቱ ደግሞ ያንኑ ጣት ይፈልገዋል። ይህ በቀዶው ቀን የሚነሣ ጠብ ሳይሆን ከቀዶው በፊት የሚደረስ ስምምነት መሆን አለበት፤ ምርመራው ሲያልቅ የሚተርፈው እንዲመለስላቸው ማድረግም ይቻላል።

ከሕክምናው በኋላ ሕመምተኛው ወደ ባሌ ይመለሳል፤ ክትትሉም የባሌ ሐኪሞች ይሆናል። ለመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ዓመታት በየሦስት ወይም በየአራት ወሩ፣ ከዚያ እስከ አምስተኛው ዓመት በየስድስት ወሩ፣ ከዚያም በዓመት አንድ ጊዜ መታየት ይኖርበታል። ኤፒተሎይድ ሳርኮማ ከአሥር ዓመት በኋላም ተመልሶ ስለሚታይ በአምስተኛው ዓመት «ድነሃል፤ አትምጣ» አይባልም። በእያንዳንዱ ጉብኝት ጠባሳው፣ ክርኑና ብብቱ ይዳሰሳሉ፤ ሕመምተኛውም በሌላው እጁ ራሱን መዳሰስ ይማራል። ለዚህ ክትትል በየጊዜው አዲስ አበባ መመላለስ አያስፈልግም፤ የደረት ራጅ ጎባ ላይ ይነሣል። የቀድሞው ፊልም ከካርዱ ጋር ተቀምጦ ከቆየ፣ አዲሱና አሮጌው ጎን ለጎን ሆነው ይታያሉ፤ በአሮጌው ላይ ያልነበረች፣ በአዲሱ ላይ የወጣች ነጥብ ካለች በዚያው ቀን የማስተላለፊያው ወረቀት ይጻፋል።